ኮምፒዩተርም የልምምድ ክፍል አለው
(ስለ ቨርችዋል ማሽንና ምንጩ ክፍት ስለሆነ ሶፍትዌር)

ባለፉት ዕትሞቻችን ስለ ጥቁር ሰሌዳ አያያዝ፣ ከአካባቢ ቁሳቁስ ስለሚሠሩ የትምህርት መርጃ መሣሪያዎችና ስለ ትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀት አንዳንድ ነገር ስናቀርብላችሁ ቆይተናል። ለዛሬ ግን ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ጎራ እንበል። ርእሱን የመረጥነው ዘመናዊ ነገር ለማውራት ብለን ብቻ አይደለም፤ የገዛ ጥፋታችን ስላስገደደን ጭምር ነው። ጥፋቱንም ሳንደብቅ እንናገራለን፤ እኛ የከፈልንበትን ሌላው በነፃ ይማርበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አራታችን «ሊኑክስ የሚባል ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ፤ ቫይረስ ብዙ አያስቸግረውም፤ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ይሠራል» ሲባል ሰማንና ጓጓን። በፍላሽ ጭነን አመጣነውና ከክፍሉ ጥግ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ሰካነው። ኮምፒዩተሩ በመካከል አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ልጫን ወይ?» ማለቱ ነበር። እንግሊዝኛውን በወጉ ሳናነብ «ቀጥል» የሚለውን ተጫንን። ብዙም ሳይቆይ አዲሱ ሲስተም ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ እኛም ጮቤ ረገጥን። ደስታው ግን ከማግሥቱ አላለፈም።

በማግሥቱ ከዳንግላ የመጣች አንዲት ሠልጣኝ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ከዚያው ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠች። ለማስተማር ልምምድ የሚሆን የአንደኛ ክፍል የአዊኛ ንባብ ካርድ ለሦስት ሳምንት ሲተይቡ ቆይተው ኖሯል። ፈለገች፣ ደግማ ፈለገች፣ የለም። «እናንተ ልጆች፣ ምን አደረጋችሁብን?» አለችና ዝም አለች። ከዝምታዋ ይልቅ ብትቆጣን ይሻለን ነበር። ከካርዶቹ ግማሽ ያህሉ በወረቀት ታትሞ ስለነበር እሱን እያየን አብረን እንደገና ተየብን። የቀረው ግን ከነሥዕሉ እንደወጣ ቀረ።

የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉን። ቀጥለውም፣ «ለመሆኑ እናንተ አስተማሪ ልትሆኑ አይደል እንዴ? ሳትለማመዱ ተማሪ ፊት ትቆማላችሁ? ለኮምፒዩተርም እኮ የልምምድ ክፍል አለው» አሉ። ይህ ጽሑፍ ከዚያች አባባል የተነሣ ነው።

ለመሆኑ ቨርችዋል ማሽን ምንድነው?

ሁላችንም እንደምናውቀው አንድ ሠልጣኝ ከተማሪዎች ፊት ከመቆሙ በፊት በጓደኞቹ ፊት ይቆማል። ማይክሮ ቲቺንግ የምንለው ይኸው ነው። ጓደኞቹ ለጊዜው የአራተኛ ክፍል ልጆች ይሆናሉ፤ እጃቸውን ያወጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዴም ሆን ብለው ይረብሻሉ። ሰሌዳው፣ ጠመኔው፣ ዕቅዱና ሰዓቱ እውነተኛ ነው። ሠልጣኙ ቢሳሳት ግን የሚጎዳ ሕፃን የለም፤ «በል እንደገና ጀምር» ይባላል፤ አለቀ።

ቨርችዋል ማሽንም እንደዚሁ ነው። በእጃችን ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር ኀይል የሚፈጠር ሌላ ኮምፒዩተር ማለት ነው። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ራም፣ የራሱ ሃርድ ዲስክ፣ የራሱ ኔትዎርክ ካርድና የራሱ ስክሪን ያለው ይመስላል። በውስጡ የሚጫነው ኦፐሬቲንግ ሲስተምም እውነተኛ ማሽን ላይ የተቀመጠ ያህል ሆኖ ይሠራል። ለእኛ ግን የሚታየን እንደ ማንኛውም ፕሮግራም በአንድ መስኮት ውስጥ ነው። መስኮቱን ስንዘጋው ያ ኮምፒዩተር ጠፋ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው፣ በእጅ የሚዳሰሰው ኮምፒዩተር «አስተናጋጅ» ይባላል። በውስጡ የሚፈጠረው ደግሞ «እንግዳ» ነው። የእንግዳው ሃርድ ዲስክ በአስተናጋጁ ዲስክ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ነው። ስለሆነም በእንግዳው ውስጥ ሆነን «ዲስኩን ሁሉ አጥፋ» ብንል የሚጠፋው በዚያ ፋይል ውስጥ ያለው ነው እንጂ የሰው የንባብ ካርድ አይደለም። ይህችን አንዲት ነገር ዐውቀን ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ኀፍረት ባልደረሰብን ነበር።

የቤት አከራዩ ተግባር

ታዲያ አንዱ ኮምፒዩተር ለሁለትና ለሦስት እንዴት ይበቃል? ለዚህ መልስ እንጅባራ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተን የምንኖር ሠልጣኞች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአንድ ግቢ ውስጥ አራት ክፍል አለ እንበል። የመብራት ቆጣሪው አንድ ነው፤ የውኃ ቧንቧውም አንድ ነው። እያንዳንዱ ተከራይ የራሱን በር ቆልፎ በራሱ ቤት ይኖራል። ማን መቼ ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማን ምጣድ ሲጥድ ማን እንደሚጠብቅ የሚወስኑት ግን ባለቤቷ እትዬ ናቸው። አንዱ ተከራይ የሌላውን ክፍል ከፍቶ ሊገባ አይችልም፤ ቆጣሪውንም ሊነካ አይፈቀድለትም።

በኮምፒዩተር ውስጥ የእትዬን ሥራ የሚሠራው ሶፍትዌር «ሃይፐርቫይዘር» ይባላል። ራሙን ይከፋፍላል፤ የፕሮሰሰሩን ጊዜ ያደላድላል፤ አንዱ እንግዳ ከሌላው ክልል እንዳይገባ ይጠብቃል። አንድ እንግዳ ጠቅላላውን ማሽን የሚነካ ትእዛዝ ሲያወጣ ሃይፐርቫይዘሩ መሐል ገብቶ ይይዘውና ተገቢውን ብቻ ይፈጽምለታል።

ሃይፐርቫይዘር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቀጥታ በማሽኑ ላይ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የለም። ሁለተኛው ደግሞ ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን በመሰለ ሲስተም ላይ እንደ ተራ ፕሮግራም ይጫናል። የመጀመሪያው ለትልልቅ ሰርቨሮች ይመረጣል፤ ሁለተኛው ለእንደኛ ዓይነቱ ተማሪ ይመቻል።

ነገሩ ከየት ተነሣ?

ብዙ ሰው ይህን የትናንት ግኝት ያደርገዋል፤ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኮምፒዩተር ማለት ክፍል የሚሞላ፣ ዋጋው የማይቀመስ ዕቃ ነበር። አንዱን ማሽን ለብዙ ሰው ማካፈል የግድ ሆነ። በአሜሪካ አገር በካምብሪጅ ማሳቹሴትስ የነበሩ የአይቢኤም ባለሙያዎች ሲፒ-40 የተባለውን ሥርዓት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ላይ አዋሉት። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ለብቻው አንድ ሙሉ ኮምፒዩተር የተሰጠው ይመስለው ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1972 ቪኤም/370 በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። በ1974 ደግሞ ፖፔክና ጎልድበርግ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት አንድ ማሽን ለዚህ ሥራ ብቁ ነው የሚባለው ምን ምን ሲያሟላ እንደሆነ በጽሑፍ ደነገጉ።

ከዚያ በኋላ የግል ኮምፒዩተር መጣና ነገሩ ለጊዜው ተረሳ። በየቤቱና በየቢሮው የተስፋፋው የኢንቴል ዝርያ ፕሮሰሰር ለዚህ ተብሎ የተሠራ አልነበረም፤ አንዳንድ ትእዛዞቹ ሃይፐርቫይዘሩን ሳያሳውቁ ሾልከው ያልፉ ነበር። ቪኤምዌር የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 እነዚህን ትእዛዞች በሶፍትዌር እየተረጎመ የሚያልፍ ፕሮግራም አወጣ። ቆየት ብሎም ኢንቴል በ2005፣ ኤኤምዲ በ2006 ድጋፉን በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱ አስገቡት። ዛሬ በተራ ላፕቶፕ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው ከዚያ ወዲህ በተገኘው አቅም ነው።

ምንጩ ክፍት ነው ሲባልስ?

ማንኛውም ሶፍትዌር ሰው የጻፈው ጽሑፍ ነው። ይህ ጽሑፍ «ምንጭ» ይባላል። አንዳንዱ አምራች ምንጩን ቆልፎ ይይዝና የተዘጋጀውን ብቻ ይሸጣል። ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ግን ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያድለው ይችላል። በእኛ ሙያ ብንመስለው አንዱ መምህር የትምህርት ዕቅዱን በመሳቢያ ቆልፎ ይይዛል፤ ሌላው ደግሞ «ውሰዱ፣ ለክፍላችሁ በሚስማማ መንገድ አስተካክሉት፤ ግን ያስተካከላችሁትን ለሌላው ስታድሉ እናንተም አትቆልፉበት» ይላል። ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ የሚለው ይህንኑ ነው። ይህን ሐሳብ ያስፋፋው ሪቻርድ ስቶልማን ጂኑ የተባለውን ሥራ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ደግሞ ሊኑክስን በ1991 ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሥራው እንደ ደቦ ነው፤ አንዱ ያርሳል፣ ሌላው ይጎለጉላል፣ ሌላው ያርማል።

አንድ ነገር ግን እንለይ፤ ያለ ክፍያ መሰጠትና ክፍት መሆን አንድ አይደለም። ለምሳሌ የቪኤምዌር ዎርክስቴሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ያለ ክፍያ መሰጠት ጀምሯል፤ ምንጩ ግን ክፍት አይደለም። ሰጪው ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ ተቀባዩ ምንም ማድረግ አይችልም።

በዚህ መስክ ስማቸው የሚጠራው ክፍት ሶፍትዌሮች በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው።

ቨርችዋልቦክስ፦ ኢኖቴክ የተባለ የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ምንጩን ከፈተው። በ2008 ወደ ሰን፣ በ2010 ደግሞ ወደ ኦራክል ተዛወረ። በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በማክም ላይ ይጫናል። ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው ይኸ ነው። ዋናው ፕሮግራም ክፍት ሲሆን ተጨማሪ ጥቅል የሚባለው ክፍል ግን የተለየ ፈቃድ አለው።

ኪዩኢሙ፦ ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ነው። ልዩ ችሎታው የሌላ ዝርያ ፕሮሰሰርን ሳይቀር መስሎ መሥራቱ ነው። ለምሳሌ በተራ ላፕቶፕ ላይ የስልክ ዓይነት ፕሮሰሰር ያስመስላል። ሲያስመስል ግን ይዘገያል።

ኬቪኤም፦ እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ በሊኑክስ እምብርት ውስጥ የገባ ሲሆን ሊኑክስን ራሱን ሃይፐርቫይዘር ያደርገዋል። ብዙውን ጊዜ ከኪዩኢሙ ጋር ተጣምሮ ይሠራል፤ ፍጥነቱም ጥሩ ነው።

ዜን፦ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነው። አማዞን በ2006 ኮምፒዩተርን በሰዓት ማከራየት ሲጀምር የተጠቀመው በዚሁ ነበር፤ ኋላ፣ ከ2017 ወዲህ፣ ኬቪኤም ላይ ወደተመሠረተ ሥርዓት ዞረ። «ክላውድ» እየተባለ የሚነገርለት ነገር ከሞላ ጎደል እንዲህ ያለ የግቢ ኪራይ ነው።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2008 ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የታደሉትን ኤክስኦ የተባሉ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች የሚያስታውስ ሊኖር ይችላል። በነሱ ላይ የነበረው ሹገር የሚባለው የልጆች ገጽታ ምንጩ ክፍት ስለነበር፣ ላፕቶፑን በእጁ ያላገኘ መምህርም በቨርችዋል ማሽን ውስጥ ከፍቶ ሊያየው ይችል ነበር። ያልደረሰህን ዕቃ ከመድረሱ በፊት መለማመድ ይቻላል ማለት ነው።

ለምን አሁን?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ዊንዶውስ 10 የሚባለው ሲስተም በልዩ ምዝገባ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጠውን ማራዘሚያ ሳንቆጥር ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የደኅንነት ማስተካከያ አይደርሰውም። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት ራምና ከ64 ጊጋባይት ማከማቻ ሌላ ቲፒኤም 2.0 የተባለ ክፍልና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በክፍላችን ካሉት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ይህን አያሟሉም። እንጣላቸው? አይሆንም፤ አዲስ ከየት ይመጣል? እንዳሉ እንተዋቸው? ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ክፍል አደጋ ነው። ወደ ሊኑክስ እንቀይራቸው? ይቻላል፤ ነገር ግን የአዊኛና የአማርኛ ጽሑፎቻችን በዚያ ላይ በትክክል ይከፈታሉ ወይ? ይህን ሳያረጋግጡ መቀየር ያንኑ የአምናውን ጥፋት በሁሉም ማሽን ላይ መድገም ነው።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነበር የልምምድ ክፍሉን የከፈትነው።

እኛ ያደረግነው

አንደኛ፣ ከማሽኖቹ ሁሉ የተሻለውን፣ 8 ጊጋባይት ራም ያለውን መረጥን። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ከፍተን ፕሮሰሰሩ ቨርችዋላይዜሽን እንደሚፈቅድ አየን። ዝግ ሆኖ ከተገኘ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ባዮስ ውስጥ ገብቶ መክፈት ነው። ከመካከላቸው አንዱ ማሽን ዝግ ነበር፤ ጋሼ አሳዩን።

ሁለተኛ፣ ቨርችዋልቦክስን ጫንን። ዴቢያን የተባለውን ሊኑክስ ደግሞ ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው ቀለል ያለ ገጽታ ጋር መረጥን።

ሦስተኛ፣ «አዲስ» ብለን ለእንግዳው 2 ጊጋባይት ራም፣ 2 የፕሮሰሰር እምብርትና 25 ጊጋባይት ዲስክ ሰጠነው። ዲስኩ እንደ አስፈላጊነቱ የሚያድግ ዓይነት ነው፤ 25 ይባል እንጂ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ቦታ ብቻ ይይዛል፤ ዕቃ በገባበት ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ከራሙ ከግማሽ በላይ ለእንግዳው አለመስጠት ነው። አስተናጋጁ ከተራበ ሁለቱም ይቆማሉ።

አራተኛ፣ አስነሣነው። ያ የአምናው ጥያቄ እንደገና መጣ፤ «ዲስኩን ሁሉ ልጠቀምበት ወይ?» አለ። እርስ በርሳችን ተያየን። ከዳንግላ የመጣችው ያች ሠልጣኝ ከኋላችን ቆማ ስለነበር «እስቲ ዘንድሮስ አንብቡት» አለች። ጮክ ብለን አነበብነው፤ ተረጎምነው፤ ከዚያ ተጫንነው። ምንም አልጠፋም።

አምስተኛ፣ ሥራው እንዳለቀ ስናፕሾት የሚባለውን ያዝን። ይኸውም ማሽኑ በዚያች ደቂቃ ያለበትን ሁኔታ እንደ ፎቶግራፍ አስቀርቶ፣ ወደፊት ሲፈለግ ወደዚያው መመለስ ማለት ነው። ለመፈተን ብለን የሲስተሙን ዋና ዋና ፎልደሮች ሆን ብለን ደመሰስን። እንግዳው ሞተ፤ አልነሣ አለ። ወደ ስናፕሾቱ መልሰን ስናስነሣው ግን ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን «ይኼማ ከሞት መነሣት ነው» ብሎ አሳቀን።

ያገኘነው ውጤት

ዋናው ፈተና የፊደል ነበር። እንደሚታወቀው በዞናችን አዊኛ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ነው። አዊኛ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ቢሆንም በአማርኛ የማንጠቀምባቸው እንደ «ጘ» ያሉ ፊደላት ያስፈልጉታል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ «ጘ»ም አብሮ ገብቷል። በመሆኑም በዩኒኮድ የተተየበ ጽሑፍ በየትኛውም ሲስተም ላይ መነበብ አለበት። አቢሲኒካ የተባለውን ነፃ የፊደል ቅርጽ በእንግዳው ላይ ጫንንና እንደገና የተየብናቸውን ካርዶች ከፈትን። «ጘ» ከነቤተሰቡ በትክክል ታየ።

ቀጥለን ግን ሌላ ጉድ አየን። ከዓመታት በፊት በቆዩ የግዕዝ መተየቢያ ሶፍትዌሮች የተዘጋጁ የመምህራን ማስታወሻዎችን ስንከፍት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኑብን። ምክንያቱም እነዚያ ጽሑፎች የተተየቡት ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበረው መንገድ ስለሆነ የራሳቸው የፊደል ቅርጽ ከሌለ አይነበቡም። ሁሉንም ማሽን በአንድ ቀን ቀይረን ቢሆን ኖሮ ይህን የምናውቀው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር። አሁን ግን ከእውነተኛው ሥራ በፊት ዐወቅነው። ስለዚህ አስቀድሞ እነዚያን ጽሑፎች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ከዚያ ሁለት ማሽን ብቻ መቀየር፣ ቀሪውን ደግሞ አይቶ መወሰን የሚል ሐሳብ ለኃላፊው አቀረብን፤ ተቀበሉን።

ሌላው ጥቅም የተዘጋጀውን እንግዳ እንዳለ ጠቅልሎ በአንድ ፋይል ወደ ሌላ ኮምፒዩተር መውሰድ መቻሉ ነው። የማስተማር ልምምድ ወደ ዳንግላ ስንወጣ ፋይሉን በፍላሽ ይዘን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ተጓዝን። እዚህም ላይ አንድ ትምህርት አገኘን። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ ቢኖረው እንኳ እንቢ ይላል። ኤክስፋት ወደሚባለው ስንቀይረው ተቀበለ። ስትቀይሩት ግን ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ፤ አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ልንጠነቀቅላቸው የሚገቡ ነገሮች

ጥቅሙን ብቻ ተናግሮ መሄድ ማታለል ነው፤ ገደቡንም እንናገር።

ሀ) ራም ሲያንስ ምንም አይሆንም። ዳንግላ ያገኘነው ኮምፒዩተር 4 ጊጋባይት ብቻ ነበረው። እንግዳው ተነሣ፤ ግን አንድ ፕሮግራም እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ለእንዲህ ያለው ማሽን ሊኑክሱን ከፍላሽ ላይ ሳይጫን ማስነሣት ይሻላል።

ለ) ስናፕሾት መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። ስናፕሾቱም እንግዳውም ያሉት በአንድ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ከተበላሸ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ከዚህም ሌላ ስናፕሾት ሲበዛ ዲስኩን ይሞላል። ዋናው ጽሑፍ ምንጊዜም ቢያንስ በሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ።

ሐ) መብራት። ማሽኑን እንዳለ አስተኝቶ በኋላ ካቆመበት መቀጠል ይቻላል፤ ደግ ነገር ነው። ግን ይህ የሚሆነው እኛ ስናዘው ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ እንግዳውም እንደ አስተናጋጁ በድንገት ይወድቃል፤ አንዳንዴም ፋይሉ ይበላሻል።

መ) በእንግዳው ውስጥ ዊንዶውስ የሚጭን ሰው የዊንዶውስ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቤቱ ክፍት መሆኑ የእንግዳውን ዕዳ አይሠርዝም።

ሠ) ግድግዳው ጠንካራ ነው ማለት በር የለውም ማለት አይደለም። በሁለቱ መካከል የጋራ ፎልደር ከከፈትን ወይም ፍላሹን ለእንግዳው ከሰጠነው ቫይረስም በዚያው ሊሻገር ይችላል። የማይታመን ነገር ስንሞክር የጋራ ፎልደሩንና ኔትዎርኩን እንዝጋ።

በመጨረሻም

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ሁላችንም እናያለን። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በዚያ ቀን ሜዳ ላይ የሚወጣ ፈረሰኛ ያልተገራ ፈረስ ይዞ አይወጣም፤ ከሰው ፊት ከመቅረቡ በፊት ሰው በሌለበት ሜዳ ደጋግሞ ይጋልባል፤ ቢወድቅም እዚያው ይወድቃል። አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። አስተማሪም እንደዚሁ ነው፤ ኮምፒዩተር የሚነካ ሰውም እንደዚሁ ነው።

ነገ ተመድበን በምንሄድበት ወረዳ ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ኮምፒዩተር ብቻ ያለው ትምህርት ቤት ይጠብቀን ይሆናል። ያ ኮምፒዩተር የፈተና ወረቀትም፣ የተማሪ ውጤትም፣ የርእሰ መምህሩ ደብዳቤም ያለበት ነው። ባለሙያ እስኪመጣ ባሕር ዳር መላክ ሊያስፈልግ ይችላል። እዚያ ላይ «እስቲ ልሞክር» ማለት አይቻልም። መሞከር ያለብን እዚህ፣ አሁን፣ በልምምዱ ክፍል ውስጥ ነው።

ያች የዳንግላ ሠልጣኝ ካርዶቿን አሁን በሦስት ቦታ አስቀምጣለች፤ አንዱ ቅጂ በወረቀት ነው። በልምምዱ ጊዜ በነሱ አስተማረች። የጠፉት ሥዕሎች ግን እንደጠፉ ናቸው፤ ከመካከላችን ሥዕል የሚችል ካለ እንዲረዳት በዚህ አጋጣሚ እንለምናለን።

የተዘጋጀውን ቨርችዋል ማሽን ማየት የሚፈልግ ሁሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ይምጣ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ብትመጡ ለሁሉም ይዳረሳል። የምታበላሹት ነገር ስለማይኖር አትፍሩ፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጥያቄ ግን ከመጫናችሁ በፊት አንብቡት። አስተያየትና እርማት ያላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ሰሌዳ ጎን ባለው ሣጥን ውስጥ አስገቡልን። በሚቀጥለው ዕትም የቆየ የግዕዝ ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ እንዴት እንደሚለወጥ እናቀርባለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።